ለጥናቱ የማትሆን

የሺሃረግ ከገነተ ማርያም ተነስታ ላሊበላ እስክትገባ ድረስ አፏ አላረፈም። አብራት የምትሄደውን ጎረቤቷን አለሜን እያጫወተች እንዳይመስላችሁ፤ ለሐኪሞቹ የምትናገረውን ነው የምታጠናው። «መርፌውን ከጀመርሁ ወዲህ ሆዴ ይባባል» ትልና ትተወዋለች። «ራሴን አላውቀውም» ትላለች፣ እሱንም ትተወዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት በቃሬዛ ነበር ለሐኪም ያደረሷት። ደግመሽ እንዳታረግዢ ብለው መከሯት፤ ባሏ መሪጌታ ደባሱም «ከነፍስሽ የሚበልጥ ነገር የለም» አለ፤ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀመረች። እርግዝናውስ ቀረ። ግን ያቺ ስትስቅ ከወንዝ ማዶ የምትሰማ ሴት ሌላ ሰው ሆነች። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ድስት ጥዳ ትረሳለች። ልጇን ትጠራና ለምን እንደጠራችው ይጠፋባታል፣ ከዚያ በልጁ ላይ ትጮኻለች፣ ከዚያ ጮኽሁበት ብላ ደግሞ ታለቅሳለች። መርፌውን ለምትወጋት ነርስ ብትነግራት «መርፌው እንዲህ አያደርግም፣ ሐሳብ ቢበዛብሽ ነው» አለቻት። ለባሏ ብትነግረው ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው። አማቷ እማማ አመተ ጊዮርጊስ ግን አንድም አልተጠራጠሩም፦ «ዓይነ ጥላ ነው። ሰኞ ጠበል ትገባለች፤ እስኪለቃት እዚያው ትቆያለች» አሉ። እስኪለቃት! ያልያዘ ነገር ምን ብሎ ይለቃል? ልጆቿንስ ማን ሊይዝላት ነው?

ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች «የወሊድ መከላከያ በሴት ልጅ አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል» የሚል ጥናት ላሊበላ ላይ ጀምረዋል ሲባል የሰማችው በዚህ መሐል ነው። እነዚህንስ እግዜር ለኔ ብሎ ነው የላካቸው አለች። አንድ የተማረ ሰው «ከመርፌው ነው» ወይም «ከመርፌው አይደለም» ብሎ ቁርጡን ቢነግራት፣ ከመርፌው ከሆነ ሌላ ይቀየርላታል፤ ካልሆነም ምን እንደሆነ ይነግራታል፤ በሁለቱም ለእማማ የምትመልሰው አታጣም። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ጥናቱ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ባዶውን በከረመ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ አለሜ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ጥርስ በጥርስ ሆና ወጣች።

«ተቀበሉኝ! በየወሩ ሐኪም ያየኛል፤ ጭንቅላቴንም በመሣሪያ ያዩታል አሉ። ግቢ ግቢ!»

የሺሃረግ ገባች። ጠያቂዋ ኤልሳቤጥ የምትባል ትሑት ልጅ ናት፤ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «እህቴ፣ ድብርት፣ ማልቀስ፣ መርሳት፣ እንዲህ ያለ ነገር አለብሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

እንግዲህ የላስታን ሰው እንደምን ነህ ካላችሁት፣ ጎተራው እየተቃጠለም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚላችሁ። የሆድን ለማያውቁት ሰው መዘርገፍ ነውር ነው፤ ፈጣሪንም ማማረር ይሆናል። የሺሃረግም በዚያው ያደገች ናት። ነጠላዋን ጨበጥ አደረገችና «አለብኝ» አለች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት! ድስቱን፣ ልጁን፣ ለቅሶውን፣ ሁሉንም አወጣችው። ስትጨርስ ደረቷ ቅልል አላት።

ኤልሳቤጥ ከንፈሯን ነከሰች። «ይቅርታ እህቴ። ለዚህ ጥናት አትሆኚም።»

«ምነው?»

«ድብርት ያለባት ሴት አትካተትም። ጤነኞቹን ይዘን ነው የምንከታተለው። አለዚያ ከመርፌው ይሁን ከሌላ መለየት አንችልም።»

«እኔስ የመጣሁት ልትለዩልኝ አይደለም እንዴ?»

«ይገባኛል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ሌላ ሐኪም እንዲያይሽ ወደ ወልድያ ሪፈር ልጻፍልሽ። እኛ ጋ ደግሞ ሲሻልሽ ብትመጪ…»

«ሲሻለኝ? ሲሻለኝማ ምን ፍለጋ እመጣለሁ!»

እግሩ የተሰበረን ሰው «ስትድን ና» የሚል ወጌሻ አይታችኋል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሲመክሩን ይኖራሉ፤ ይኸው ያልደበቀችው ምን አገኘች? አንጀቷ እርር እንዳለ ወጣች።

አለሜ ፊቷን አይታ ደነገጠች። «ምን አልሻት?»

«እውነቱን።»

«አንቺ ሞኝ! እኔ እኮ ደህና ነኝ ብዬ ነው ያለፍሁት። ተመለሽና ቅድም ተሳስቼ ነው በያት።»

የሺሃረግ ትክ ብላ አየቻት። ይቺ አለሜ ያንኑ መርፌ የምትወጋ፣ ምንጭ ሲወርዱ እንስራዋን አስቀምጣ ትከሻዋ ላይ ስትንሰቀሰቅ የከረመች ሴት ናት።

«ያ ሁሉ ለቅሶሽስ?»

«እሱማ የቤቴ ነው።»

«የቤትሽ!» አለች የሺሃረግ፣ ደሟ ፈልቶ። «ነገ ‹መርፌው ምንም አላደረጋቸውም› ብለው ሲጽፉ፣ ያቺ ነርስም እማማም ‹አላልንሽም?› ሲሉኝ ምን ልመልስ? ጠበል የሚከተኝ ዓይነ ጥላ አይደለም፤ የናንተ ‹ደህና ነኝ› ነው!»

በር ላይ የተሰለፉት ሴቶች ዞር ብለው አዩአቸው። አለሜም ማንንም ሳታስፈቅድ ብድግ ብላ ወደ አዳራሹ ገባች፤ የሺሃረግም ከኋላዋ።

«እኔንም ሰርዥኝ» አለች አለሜ። «ዋሽቼሻለሁ። እኔም አለቅሳለሁ። እንቅልፍም የለኝ።»

ኤልሳቤጥ አፏን ሳትከፍት ከበሩ በኩል ፋና የምትባል ተራዋን የምትጠብቅ ሴት «እንግዲያ እኔንም አትመዝግቢኝ» አለች። ቀጥሎም ሌላ ድምፅ፣ ቀጥሎም ሌላ።

ልጅቱ ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንዴት ይሁን ከሐዘን እሷም የለየችው አይመስልም።

«ኧረ እባካችሁ! ሁላችሁንም ከሰረዝኩ ማንን ላጠና ነው?»

«እኛን ነዋ!» አለች የሺሃረግ።