ፊሽካ የሮጠ ዕለት

እናቴን እላችኋለሁ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። «ይሄ ሹፌር ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ስሜ በወሬ ጎድፏል። ይህቺን ግን እመኑኝ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ልጆች በሙሉ ምስክሮቼ ናቸው።

የአንድ ሩጫ ክለብ ሹፌር ነበርኩ። ጠዋት ሯጮቹን ከካምፕ አንስቼ ከከተማ ወጣ ወዳለው አስፋልት እወስዳለሁ፤ ሲሮጡ ከኋላቸው እያዘገምኩ እነዳለሁ፤ ሲጨርሱ ላብ ላብ የሚል አውቶቡስ ይዤ እመለሳለሁ። ከሯጮቹ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከቅጥነቷ የተነሳ ሽቦ ይሏታል።

አሰልጣኙን ፊሽካ እንለዋለን። ፊሽካው ከአፉ አይወርድም። ሲያወራ በጥርሱ ጥግ ነክሶት ነው፣ ሲስቅም ነክሶት። አውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱን ነፋስ እያስመታ፣ ሳይራመድ «ጨምሩ! ድካም ጭንቅላት ውስጥ ነው!» ይላል።

ይህ ሰው በወጣትነቱ አንድ ውድድር አሸንፏል። ያኔ የተለማመደበትን ዕቅድ እንዳለ አምጥቶ ለሁሉም ጫነው። ለረጅም ርቀት ሯጯም፣ ለአጭሩም፣ ትናንት ለመጣችው ጀማሪም፣ ከወሊድ ለተመለሰችውም ያው አንድ ዕቅድ። በራሱ እግር ልክ ጫማ ገዝቶ ቡድኑን በሙሉ «ተጫሙ» እንደማለት ነው። ጀማሪዋ ጥቂት በጥቂት ትጨምር ቢሉት ጆሮ ዳባ ልበስ። ዕረፍት የሚለውን ቃልማ ሲሰማ አፉ ውስጥ ዝንብ እንደገባበት ሰው ይተፋል።

ከሁሉ አንጀቴን የሚያሳርረው ግን የምርጫው ነገር ነው። ትልቁ ውድድር ሲቃረብ ሌላው ክለብ ልምምዱን ቀነስ አድርጎ፣ ሯጮቹን አስተኝቶ፣ እግራቸውን ያፍታታል። የኛው «ማን እንደ ደረሰ ልይ» ብሎ ከዋናው የባሰ ውድድር ያስሮጣቸዋል! እዚያ የቀደሙትን ይመርጣል። የተመረጡት ጉልበታቸውን አስፋልቱ ላይ ደፍተው፣ በዋናው ቀን ባዶ ገላ ይዘው ይቀርባሉ። ልምምድ ላይ የሚደፍረን የለም፤ ውድድር ላይ የሚያውቀን አምቡላንሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሽቦን ቅልጥሟን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ስትሮጥ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ስትራመድም፤ ኋላማ ተኝታም። የክለቡ ወጌሻ አንዲት እጀ ብረት ሴት ናት። አንድ ቦታ ላይ በጣቷ ጫን ስትላት እህቴ ጣሪያ ልትነካ ዘለለች።

«ኮች፣ ይሄ የጡንቻ አይደለም» አለችው ወጌሻዋ። «አጥንቷ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ራጅ ትነሳ።»

«ሳይታመም ያሸነፈ ሯጭ አላውቅም» አለ ፊሽካውን ሳያወልቅ። «እኔም እያመመኝ ነው ያሸነፍኩት።»

«የአንተ እግር አይደለማ!»

«ነገ ምርጫው ላይ ካልሮጠች ቡድኑ ውስጥ የለችም። አለቀ።»

በማግስቱ ጠዋት ሽቦ ከኔ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅልጥሟን በፋሻ ትጠመጥማለች። በመስታወት አያታለሁ።

«አትሩጪ» አልኳት።

«ካልሮጥኩ ዓመቴ ባከነ፣ ጋሼ።»

«ከሮጥሽስ? እግርሽ ነው የሚባክነው።»

«አንተ መሪህን ያዝ።»

ፋሻውን ስታጠብቅ ከንፈሯን ነከሰች። ደሜ ፈላ። ፊሽካ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያፏጫል፤ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ቀጥ አድርጌ አቆምኩ።

«ኮች፣ የኋላው ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ።»

«ውረድና እየዋ!»

«ዳገት ላይ ነን፤ የእጅ ፍሬኑ አይታመንም። እግሬን ካነሳሁ ሁላችንም ገደል ነን። ወረድ በልልኝ እስቲ።»

ወረደ። በሩን ዘጋሁና ነዳሁት።

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት በእጁ ምልክት ሰጠ። ቀጥሎ መሮጥ ጀመረ። ጥዬው ልሂድ ብል እችል ነበር፤ ግን የሰው ሩጫ እንዴት እንደሚነዳ ከሱ በላይ ማን አስተማረኝ? ልክ እንዳይደርስብን፣ ልክ ተስፋም እንዳይቆርጥ አድርጌ አዘገምኩ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ጨምር ኮች! ድካም ጭንቅላት ውስጥ ነው!» አልኩት። ልጆቹ መስኮት መስኮቱን ከፈቱ።

«ትከሻህን አላላ ኮች!»

«እያመመህ ነው የምታሸንፈው!» ይሄ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የወጌሻዋ ነው።

ሽቦ ብቻ መስኮቷን አልከፈተችም።

ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። በተነፈሰ ቁጥር ያፏጫል። ፊ! ፊ! ፊ! ሲሚንቶ የጫነው ከባድ መኪና ትራፊክ መስሎት ጥግ ይዞ ቆመ፤ ሹፌሩም መንጃ ፈቃዱን በመስኮት ዘርግቶ ጠበቀ። መንገድ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ ፊሽካውን ሲሰሙ ግር ብለው ክፍል ገቡ፤ መምህራኑም ሻያቸውን ጥለው ተከተሉ። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ የተጠሩ መስሏቸው ከኋላው ተሰለፉ። ከውሾቹም አንዱ ቀደመው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ መንገድ ዳር ቁጭ ሲል በመስታወት አየሁት። ያኔ ማርሹን ቀየርኩና ቡድኑን በሙሉ ይዤ ቀጥታ ሆስፒታል።

ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶ አሳየን። አጥንቷ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር አለ። «ይቺ ልጅ ዛሬ ብትሮጥ ለሁለት ይሰበር ነበር። ዘንድሮ ሩጫ የለም» አለ። ሽቦ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ደስ አለህ?» አለችኝ።

እግሯ ተረፈ፤ ዓመቷ አልተረፈም። ገና ስታነክስ ያን ሰውዬ ማስወረድ ነበረብኝ።

ፊሽካ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ተኛ። ምርጫም ልምምድም ቀረ፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ቡድን መርጦ ላከ። ልጆቹ ጠግበው በልተው፣ ጠግበው ተኝተው፣ እግራቸውን ትንሽ ትንሽ እያፍታቱ ሄዱና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አሸነፉ! ከዚያ ያ ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሬዲዮ ላይ ወጣ። «የዕቅዴ ፍሬ ነው» አለ። ሬዲዮኑን ልሰባብረው ነበር፤ የጎረቤት ስለሆነ ተውኩት። እኔን በዚያው ሳምንት አባረሩኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ቤታችን መጣ። እያነከሰ ገብቶ ከእህቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እግርሽን ማየት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ» አላት።

በሉ እንግዲህ። ሲሚንቶ የጫነው መኪና እውነት ነው። ክፍል የገቡት ተማሪዎችም፣ የቀደመው ውሻም። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ቤታችን አልመጣም። ደጃችንን እንኳ አልረገጠም።