ግድግዳውን ያመነ ካሜራ

የፎቶ አንሺዋን ታናሽ እህት ባል ጎረቤቱ ሁሉ «ጨዋው» ይለዋል። ለሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ መሆኑን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ የሚደበድበው በሩን ቆልፎ ነውና።

ፎቶ አንሺዋ ይህን ካወቀች ወር ሆኗታል። ያን ቀን እህቷ አንድ ዓይኗ ተደፍኖ ፎቶ ቤቷ ስትመጣ፣ ነጩ ግድግዳ ፊት አቁማ በአዲሱ ካሜራ አነሳቻት። ካሜራው ውስጥ የተገጠመው የብርሃን መለኪያ ልክ ነው አላት፤ ንዴት ላይ ስለነበረች ሳታመሳክር አመነችው። መለኪያው ያየው ግን ግድግዳውን ነው። በነጩ ተታልሎ ብርሃን ቆጠበ፤ የእህቷ ፊት ከሰል መስሎ ወጣ። ጀማሪ የሚገሠጽበትን ስህተት ሃያ ዓመት ከሠራች በኋላ ሠራችው። ችሎት ላይ ዳኛዋ ፎቶውን አገላብጠው ቁስሉ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ጨዋው አንገቱን ደፍቶ፣ ባለቤቴን ትንሽ ያማታል አለ። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ያልታየው ሳይገባ ቀረ፣ እህቷም ወደዚያው ቤት ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋት ደግማ መጣች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ አንገቷ ላይ አምስት ጣቶች ታትመዋል። ሁለተኛው ችሎት ነገ ነው።

ፎቶ አንሺዋ አዲሱን ካሜራ አንስታ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መሳቢያውን ከፈተች። የሟች ባሏ የእጅ የብርሃን መለኪያ፣ አውራ ጣቱ ባሻሸው የቆዳ ማኅደር ውስጥ አራት ዓመት ተኝቷል። ማኅደሩን ብዙ ሳታየው ፈታችው። የራሱ መለኪያ የሌለውን የባሏን አሮጌ ካሜራም ፊልም አጎረሰችው።

«እትዬ፣ ይኼ ይሠራል?» አለች እህቷ።

«ከእኔና ካንቺ ይሻላል። አታውሪ፣ ከንፈርሽ ይደማል።»

መለኪያውን የእህቷ ጉንጭ ሥር ይዛ ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ጉልላት ወደ ካሜራው አዞረች። ይህ መለኪያ ግድግዳ አያውቅም፤ ፊት ላይ የወደቀውን ብርሃን ብቻ ይቆጥራል። መርፌው ያመለከተውን ቁጥር ካሜራው ላይ ሞልታ ስድስት ጊዜ አነሳቻት። ቀና ስትል ጨዋው መንገዱን ሲያቋርጥ በመስኮቱ አየችው። አሮጌውን ካሜራ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ ከተደረደሩት የተበላሹ ካሜራዎች መሀል ሰካችው።

ገብቶ መወርወሪያውን ከውስጥ ቆለፈ።

«ፊልሙን» አለ በዝግታ።

«ያንተ ፊት የለበትም። ምን ያደርግልሃል?»

በቡጢ መታት። ጥርሷ ጉንጯን ከውስጥ ሲቆርጠው ተሰማት። ወለሉ ላይ ስትወድቅ ጎኗን ረገጣት፤ ደገማት። ጀርባው ላይ የተንጠለጠለችውን ሚስቱን በክርኑ መትቶ ከግድግዳው አላተማት። ከዚያ መለኪያውን ከፎቶ አንሺዋ ጣቶች መንጭቆ ጣለና ተረከዙን አዞረበት። ጉልላቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተንኮሻኮሸ። ከእርግጫው ይልቅ ያ አመማት።

አዲሱን ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ያለፈው ፎቶ የተነሳው በእሱ መሆኑን ያውቃል። ጀርባውን ከፍቶ ፊልሙን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣና ብርሃን አጠጣው። ፊልሙ ላይ የነበረው ግን የማያውቃቸው ሙሽሮች ሠርግ ነበር። ካሜራውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አጋጭቶ ሰባበረው።

«አሁን ሂጂና ለዳኛዋ አሳዪ» አለ። ሚስቱን፣ ቤት እጠብቅሻለሁ ብሎ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ደጅ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰላም ሲል ተሰማ፤ «እንደምን አደሩ፣ አባቴ?»

ፎቶ አንሺዋ ደም ተፋች። እህቷን፣ አሮጌውን ካሜራ አውርጂ አለቻት። እህቷ የተፈጨውን መለኪያ አየች።

«ያለሱ እንዴት አድርጌ?»

«የመስኮቱ ብርሃን ባለበት ነው። የሞላሁትን እንዳትነኪ።»

ጎኗን ደግፋ ተነሳችና ነጩ ግድግዳ ፊት፣ እህቷ በቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ያበጠ ጉንጯን ወደ መስኮቱ አዞረች። እህቷ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች።

«ሰባተኛው ነው» አለች ፎቶ አንሺዋ። «አንሺ።»