አጎቴ ጨመዳና የአንሶላው ሰውዬ

በጃንሆይ ጊዜ የሆነ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አልገባኝም።

ፊልም የምታሳየው መኪና ነቀምቴ መጥታ ሜዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠረች። አንሶላው ላይ አንድ የፈረንጅ አጎት ኮቱን ገልብጦ ለብሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለፈረስ እጅ ይነሳል፤ ዘመዶቹ ደግሞ ይሸሹታል። ከተማው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ እንባውን እየጠረገ «ምነው እንዲህ ያለ ዘመድ በኖረኝ!» አለ።

አባቴን አተኩሬ አየሁት። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ጨመዳ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር እኮ! ካፖርቱን ገልብጦ የሚለብስ፣ የገበያውን አህዮች ሁሉ ቆሞ ሰላም የሚል ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የባይሳ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከዲጋ ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ባይሳን እወደዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። አባቴ አጎቴን እህል ቤት አስገባና ቁልፉን እኔ እጅ ላይ ጣለው።

«እብድ አለባቸው ብለው እንዳይመለሱ» አለኝ። እውነቱን ይሆን? አላወቅሁም። ቆለፍኩ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም ሳይመርቅ ልጅ አትዳርምና፣ መሪያቸው ኦቦ ዋቅወያ ገና ሳይቀመጡ «ኤሱማዋ የታለ?» ብለው ስለ አጎቴ ጠየቁ።

አባቴ «ኡኬ ገበያ ሄዷል» አለ።

«እንግዲያው ሲመለስ እንመጣለን» ብለው በቅሏቸውን ሊፈቱ ወጡ።

ግራ ገባኝ። ብከፍት አይተውት ይሸሻሉ፤ ባልከፍት መሄዳቸው ነው። ባይሳ ሊያመልጠኝ ነው! ሮጬ ከፈትኩ።

አጎቴ ወጣ። ካፖርቱ እንደተገለበጠ ነው። በቀጥታ ወደ በቅሎዋ ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀና «አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» አላት፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሰላም አለ። ኦቦ ዋቅወያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አባቴም ፊታቸውን አየና ሳቀ፣ ልክ እንደ ፊልሙ ጊዜ። መናቃቸው ይሁን መውደዳቸው መለየት አቃተኝ። ብቻ ተመልሰው ተቀመጡ።

አጎቴ ለምለም ሣር አስያዘኝና በደንብ አድርጎ መረቀኝ። ሁሉም እልል ሲል ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አለ።

«ድርቤ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ያን የአንሶላውን ሰውዬ ስቀው ሲጨርሱ የት ቆለፉት?»

ቁልፉ አሁንም እጄ ውስጥ ነበር።