ከነጩ ስር

ሚጣ ማውሱን ገፋች፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ቆርጣ እጇን ስታነሳ ግን እመር ብሎ ገጹ ጠርዝ ላይ ተለጠፈ። «አሁንስ አበዛኸው!» አለችው፣ ሰው ይመስል።

ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷትም ሚጣ ናት፤ ለአባቷ መቼም አታድግም። አባቷ ጋሽ ብሩሽ የሰፈሩን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው። ነገ የምትከፈተው መድኃኒት ቤት ሰሌዳ ግን በኮምፒውተር እንዲሠራ ባለቤቷ ጠይቃለች፤ ማተሚያ ቤቱም ፋይሉን የሚጠብቀው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ጋሽ ብሩሽ ጠዋት ቁርጡን ተናግረዋል። «ስድስት ሰዓት ካለፈ በብሩሼ እጽፈዋለሁ፤ ያቺን ሣጥንም ወደመጣችበት ትመልሻታለሽ።» ሚጣ አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ካሉ አሉ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የዲዛይን ፕሮግራሟ የሚሠራው ብሮውዘር ውስጥ ስለሆነ ክፍት የነበሩትን ሃያ ሁለት ታቦች ዘጋች፤ ዘፈኗንም ጭምር። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። የብሮውዘሩ ቅንብር ውስጥ ገብታ ምስል ቶሎ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳው የግራፊክስ ማፍጠኛ ጠፍቶ ብታገኘው አበራችው። ትንሽ ነፍስ ዘራ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ተኛ።

«ፈጣን ነው ያልሽኝ ይሄን ነው? እኔ እስካሁን ሁለት ሰሌዳ በጨረስኩ» አሉ ጋሽ ብሩሽ ከኋላዋ ቆመው።

«አባዬ፣ በናትህ!»

የመድኃኒት ቤቷን ስልክ ቁጥር ለማስተካከል የቀድሞውን በነጭ አራት ማዕዘን ሸፈነችው። አባቷ ጎንበስ አሉ።

«ቆይ፣ ምን አደረግሽ?»

«በነጭ ሸፈንኩት፤ አንተ እንዳስተማርከኝ።»

«ከሱ ስርስ ምን አለ?»

«ያለፈው ሳምንት ሥራ።»

«ከዚያስ ስር?»

«ከዚያ በፊት የሠራሁት» አለች ሚጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ፋይል ላይ ነው የሠራችው፤ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር አሮጌውን በነጭ ትሸፍንና ከላዩ ትጀምራለች።

«አንቺ ልጅ! ቀለም ሲደራረብ ይፋቃል እንጂ! ሳይፋቅ የሚቀባ ሰነፍ ነው፤ ይሄን አላስተማርኩሽም?»

«ይሄ እኮ ቀለም አይደለም፣ ክብደት የለ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እንዴት የለውም! ማውሱ በተነካ ቁጥር ምስኪኑ ኮምፒውተር ከነጩ ስር የተቀበረውን ፎቶና ፊደል ሁሉ ተሸክሞ ይንቀሳቀሳል።

ከነጩ ስር የተደራረቡትን ሥራዎች ዝርዝር ከፈተች። ዳቦ ቤቱ አለ፣ ጸጉር ቤቱ አለ፣ ጎማ ጠጋኙ አለ። አንድ በአንድ ታጠፋ ጀመር። ፊደሎቹ ማውሱን መከተል ሲጀምሩ ልቧ በደስታ ዘለለ።

«እየሄደ ነው! አባዬ፣ እየሄደ ነው!»

ጋሽ ብሩሽ ሳያስቡት ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። «ያቺንም! ያቺንም ድራሿን አጥፊያት!»

መጨረሻ ላይ ከሁሉም የከበደ አንድ ትልቅ ፎቶ ቀረ፤ ጋሽ ብሩሽ የጻፉት የመጽሐፍ መደብር ሰሌዳ። ሚጣ የሰሌዳ ፊደል መሥራት የተማረችው እሱን ከስር አድርጋ መስመሩን እየተከተለች ነው። ጣቷ ቆመ።

«ፎቶው ስልኬ ላይም አለ፤ ግን…» አለች።

አባቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶውን አዩ፤ ቀጥሎ የሷን ሰሌዳ አዩ።

«የኔ ‹መ› ተንጋዳለች።»

«ኧረ አልተንጋደደችም!»

«ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወረም። ያንቺ ቀጥ ብላለች። ማጥፊያዋ የቷ ናት?»

አሳየቻቸው። ቀለም የበላው አውራ ጣታቸው ቁልፏን ደቆሳት።

ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል! ፊደሉ ከእጇ ጋር ሮጠ፤ ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ፋይሉ ሄደ። ሚጣ ወንበሯ ላይ ዘለለች፤ ጋሽ ብሩሽም አብረው አጨበጨቡ።

የጋሽ ብሩሽ ስልክ ጮኸ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ናት። «ጋሽ ብሩሽ፣ ሰሌዳዬን ጨረሱልኝ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ። «ቆይ፣ ባለሙያዋን ላገናኝሽ።»

ስልኩን ለሚጣ ሰጧት።