የጋሽ ይኸነው ዘር

ደክሞኛል። ጥፋቱም የመጣው ከድካሜ ነውና አልደብቀውም። እንጅባራ ባለች አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራዬ የድንች ቅጠል እየጨመቅሁ ቅጠሉ የያዘው ቫይረስ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። አሮጌው ዓይነት ምርት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ገበሬው ችሎት ኖሯል። አዲሱ ግን ድንቹን መሬት ውስጥ እንዳለ ያቆስለዋል፤ ዘር ውስጥ ከገባ ቀዬውን ሁሉ ያዳርሳል።

ሚያዝያ ላይ የዘንገናው ጋሽ ይኸነው ከማሳቸው ቅጠል ይዘው መጡ። የዘር ድንች የሚያባዙ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቃላቸውን አምኖ የሚዘራ ሰው ናቸው። ኤላይዛ የሚባለውን ምርመራ ሠራሁ፤ አሮጌው ሆነ። ኤላይዛ የሚያየው ግን የቫይረሱን ቅርፊት ብቻ ነው። ውስጡን የሚያየው ፒሲአር ነው፤ የእሱ ኬሚካል ደግሞ ከአዲስ አበባ «ዛሬ ነገ» እየተባለ ሁለት ወር አልፎታል። ጋሽ ይኸነው በየገበያ ቀኑ እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ። «ልጄ፣ ዝናቡኮ ደረሰ!» ይሉኛል። በአራተኛው ሰለቸኝ። «ኧረ ይዝሩት ጋሼ፣ አሮጌው ነው» አልኋቸው። ምላሴን በቆረጠው!

ኬሚካሉ ሰኔ ላይ መጣ። የቅጠሉን ትራፊ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ፈተሽሁት። ቅርፊቱ የአሮጌው፣ ውስጡ የአዲሱ፤ ሁለቱ ተዳቅለዋል። ደግሜ ሠራሁ፤ ያው ነው።

በማግስቱ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር ዘንገና ወረድሁ። ጋሽ ይኸነው ድንቹን አፈር እያስታቀፉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ለስንት ቤት ሰጡ ጋሼ?»

«ለአሥራ አንድ። ለልጄ ለሸጋም ጎጆ ስትወጣ የሰጠኋት እሱን ነው። ይነቀል ነው የምትይኝ?»

«ከነሥሩ።»

ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ዘር መርቀን ነው የምንሰጥ። የመረቅሁትን ልንቀልባቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ተይ፣ ልጄ። አንቺ አጠፋሁ ካልሽ ከእንግዲህ ማን ቅጠል ያመጣልሻል? አምነውሽ እንዲመጡ ስንት ዓመት ለመንሁ። እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ዝም በይ።»

መጀመሪያ የሄድነው ሸጋ ዘንድ ነው። ልጇን አዝላ ማሳዋ መሐል አገኘናት።

«ተሳስቼ የሌላ ማሳ ቅጠል ወስጄላት ነው» አሏት አባቷ። «እሷ ምን ታድርግ? ይነቀል፣ ልጄ።»

ሸጋ ማሳዋን አየች፣ አባቷን አየች። «አባዬ! እርስዎ እንዴት እንዲህ ይሳሳታሉ?» አለችና እንባዋ ወረደ። ጋሽ ይኸነው መሬት መሬት ያያሉ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። «እኔ ነኝ» ልላት አንድ እርምጃ ቀረብሁ።

ሸጋ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ አንቺንም ያን ያህል መንገድ አለፋንሽ፤ ይቅር በይን» አለችኝ።

እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ምንም አይደል» አልኋት።