ከመቶ ሰማንያው የመረጠው ካርቶን

የኦንላይን ሱቁ ስም «እንደ ልብዎ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ባለሱቁ ነው፤ በስሙ መሠረት የምትሠራው ግን ታላቅ እህቱ አሻጊዋ ነበረች። ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው ድረ ገጹን ይከፍትና ካሉት አርባ ዓይነት የቤት ዕቃዎች ስምንቱን ይመርጣል፤ ሳሙና በሉት፣ ሻማ በሉት፣ ጨው፣ ሻይ ቅጠል፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍት ዱቄት፣ የፈለገውን። ከዚያ ወር በገባ ቁጥር ያ የመረጠው በካርቶን ታሽጎ በሩ ድረስ ይመጣለታል። ሐሳቡን ሲቀይር ምርጫውን ይቀይራል። ካልሞተ በቀር የሚያቋርጥ የለም። እንዲያውም አንዱ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው፤ ሚስቱ ግን «ሻይ ቅጠሉን ተዉት፣ የሚጠጣው እሱ ነበር፤ ሳሙናውን ግን እንዳታስቀሩብኝ» ብላ ቀጥላለች።

ከገጹ ግርጌ «ልዩ ማስታወሻ ካለዎት እዚህ ይጻፉ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ባለሱቁ ለጌጥ ያህል ነበር ያስገባው። ግን ለሰው ባዶ ቦታ ሰጥቶ «ዝም ይልልኛል» ብሎ ማሰብ ዝናብ ላይ ባልዲ ደቅኖ ባዶውን አገኘዋለሁ እንደማለት ነው። አንዱ ደንበኛ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላበትን ታሪክ በየወሩ እየከፋፈለ ይጽፍ ጀመር፤ አሥራ አንደኛው ወር ላይ አጥሩ ገና አልቆመም። አንዷ ደግሞ «አማቴ እያየች አስረክቡኝ፤ ከባድ አስመስላችሁ ተሸከሙት» ብላ ጻፈች። አሻጊዋ ያን ዕለት ዕቃ አድራሹን ጓሮ ወስዳ ማቃሰት አለማመደችው። አቃስቶ አቃስቶ አማትየዋ ራሷ ወንበር አቅርባ ውሃ እንደሰጠችው ይነገራል። እኔ አላየሁም፤ የነገረኝ ግን አቃሳቹ ራሱ ነው።

አሻጊዋ ማስታወሻውን ሳታነብ አንድ ካርቶን ዘግታ አታውቅም። ጮክ ብላ ታነባለች፣ ትስቃለች፣ ትሳደባለች፣ ከዚያ እንደተባለችው አድርጋ ታሽጋለች።

ከሁሉም ማስታወሻዎች ሳትስቅ የምታነበው አንዱን ብቻ ነበር። የጻፈው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ያጻፈችው ደግሞ ጎረቤቱ፣ የወንበር መቀመጫ በቀርከሃ ስንጣቂ የምትጎነጉን ሴትዮ። እንዲህ ይላል፦ «ዓይኔ አያይም። የማየው በጣቴ ነው። ጨው በቀኝ በኩል ጥግ ላይ፣ ሳሙና በግራ፣ ሻይ ቅጠል መሀል ይሁንልኝ። የቱቦ መክፈቻውን ዱቄት በምንም ዓይነት እንዳታስገቡብኝ። ዕቃው ከጨው ዕቃ ጋር አንድ ነው።»

እውነቷን ነበር። ባለሱቁ ባለክዳን ነጭ ፕላስቲክ በጅምላ ረክሶ አግኝቶ ጨውንም ዱቄቱንም እዚያው ውስጥ ሞልቷል። ዓይን ያለው ጽሑፉን አንብቦ ይለያል። ዓይን የሌለው በምን ይለይ? ስለዚህ አሻጊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎንጓኟን ካርቶን ለማንም አላስነካችም፤ ጨው በቀኝ ጥግ፣ ዱቄት በአጠገቡም አያልፍ።

ታዲያ ባለሱቁ የሁለት ቀን ሥልጠና ሄዶ መጣ። ሰው በሁለት ቀን ጉንፋን ይይዘዋል፤ እሱን ዕውቀት ያዘው።

«እትዬ፣ ዳታው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አላት ሠራተኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት።

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«ቁጥሩ ማለቴ ነው። ከመቶ ደንበኛ ሰማንያው የሚመርጠው ያንኑ ስምንት ዕቃ ነው።»

«ሃያውስ?»

«ሃያውም ይለምዳል።»

«ምኑን ነው የሚለምደው?»

«የሰማንያውን! ከአሁን በኋላ ለሦስት መቶውም ደንበኛ አንድ ዓይነት እናሽጋለን። አንቺ አንድ ሳምንት የምትፈጂበት በሁለት ሰዓት ያልቃል።»

«እና ድረ ገጹ ላይ ‹ይምረጡ› የሚለውን ልታጠፋው ነው?»

«ኧረ እሱማ ይቀመጣል!» አለ ባለሱቁ፣ የተማረውን ለማያውቅ እንደሚያስረዳ ሰው ፈገግ ብሎ። «ሰው መምረጥ ነው የሚወደው፤ የመረጠውን ማን ያስታውሳል?»

አሻጊዋ በእጇ የያዘችውን ፕላስተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ ስታስቀምጥ ሠራተኞቹ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ።

«አንተ ስታገባ ከመቶ ወንድ ሰማንያው የመረጣትን ነው ያገባኸው?»

«እትዬ፣ ሥራና ቀልድ…»

«ጫማህስ? አብዛኛው ሰው አርባ ቁጥር ነው የሚያደርገው አሉ። በል ያንን አርባ ሦስትህን አውልቅና እግርህን ሰብስበህ ግባበት! ሃያው ይለምዳል ነው ያልከው? አንተም ልመዳ!»

ሠራተኞቹ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለሱቁ ጆሮው ቀላ። «እሺ፣ እናስብበታለን» አለ።

አሳድጋው ነበር፤ ማወቅ ነበረባት። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «እናስብበታለን» ሲል «አንቺ የሌለሽበትን ቀን ልፈልግ» ማለቱ ነው።

ቀኑም ሩቅ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት አሻጊዋ ጥርሷን ልትነቀል ሄደች። ጥርሱ ሐኪሙን ግማሽ ቀን አስታገለው፤ ወይ ጥርሱ ይወጣል ወይ ሐኪሙ ይገባል የሚባል ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ከቀትር በኋላ አንድ ጉንጯ አብጦ፣ አፏ ውስጥ ጥጥ ጎርሳ ስትመለስ የማሸጊያው ጠረጴዛ ተወልውሏል። ሦስት መቶው ካርቶን ጠዋት ወጥቷል። ከወለል እስከ ጣሪያ ተከምሮ የነበረው የቱቦ ዱቄትም፣ ሰማንያው ከሚመርጠው ስምንት አንዱ ነውና፣ አንድ ሳይቀር የለም።

«እትዬ፣ በሁለት ሰዓት ጨረስነው እኮ!» አሏት ሠራተኞቹ፣ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው።

አሻጊዋ የአድራሻውን ዝርዝር ነጥቃ ጣቷን አወረደችበት። የጎንጓኟ ስም አጠገብ «ተረክባለች» ይላል፤ ከተረከበች አራት ሰዓት ሆኗታል። ደወለች። ጠራ። ደግማ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ።

የባለሱቁን ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። ጥጡን ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ሥልጠናውን ጨርሷል የሚለው ወረቀት አጠገብ ወረወረችው።

«ተነሥ። መኪናህን አስነሣ።»

«እትዬ፣ ደም እየፈሰሰሽ ነው…»

«የእኔን ደም ተወው! ለዓይነ ስውር ሴት ጨው ብለህ የቱቦ መክፈቻ ልከሃል!»

ስትወጣ ለሠራተኞቹ ጮኸች፦ «ዱቄቱን ላልመረጡት ሁሉ አሁኑኑ ደውሉ! ነጩን ፕላስቲክ አትንኩት በሏቸው! ከእናንተ ማንም ሻይ እንዳይጠጣ፣ ማንም እንዳይቀመጥ!»

መኪና ውስጥ ባለሱቁ መሪውን እንደ መዳኛ ገመድ ጨብጦ «አሽትታ ትለየዋለች» አለ።

«አይሸትም።»

«ክዳኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል።»

አሻጊዋ አየችው። ባለሱቁ ምን እንዳለ የገባው ሁለተኛውን መታጠፊያ ካለፉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪደርሱ ፍሬን አልነካም።

የጎንጓኟ ቤት ከፀጉር አስተካካዩ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ግማሽ ጢሙ የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ የሆነ ሰውዬ ፎጣ ታጥቆ ቆሟል። «እዚያ ውስጥ ናቸው» አለ፤ «እኔን ረስቶኝ ሄደ።»

ክፍሉ ውስጥ መቀመጫ የሌላቸው የወንበር አጽሞች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ስንጣቂው በሳፋ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። ጎንጓኟ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን በቧንቧ ውሃ ሥር ዘርግታለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ክንዷን ይዟል።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ አሻጊዋ።»

«አንቺ ነሽ?» ጎንጓኟ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «ሁለት ዓመት ጨው ላክሽልኝ። ዛሬ ምን አደረግሁሽ?»

አሻጊዋ ቁጢጥ ብላ ክንዷን ከፀጉር አስተካካዩ ተቀበለች።

የሆነውን የነገራቸው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ጎንጓኟ ድንች ልትቀቅል የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ውሃ ሞልታ ነበር። ስንጣቂ ስትነክር በራሰ እጇ ከካርቶኑ ቀኝ ጥግ ነጩን ፕላስቲክ አነሳች፣ ከፈተች፣ በሦስት ጣቶቿ ዘግና ጨመረች፤ አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ። ምድጃውን ገና አልለኮሰችም። ድስቱ ግን ሳይጣድ መፍላት ጀመረ! መፍላት ብቻ ነው? ተንፈቀፈቀ፣ ሺሽ አለ፣ ክዳኑን አንገጫገጨ። ይህን እንኳ እኔ አልጨመርኩበትም፤ ያ ዱቄት አሉሚኒየም ሲያገኝ እንደዚያ ነው፣ ይበላዋል።

«ቀዝቃዛ ድስት ሲፈላ ሰምቼ ጮህኩ» አለች ጎንጓኟ። «ከዚያ ነው ጣቶቼ የተሰሙኝ። መጀመሪያ እንደ ሳሙና አሟለጩኝ። ከዚያ ነደዱ።»

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሦስቱን ጣቶች ጠቅልለው «ሁለት ሳምንት ውሃም እንዳይነካቸው፣ ሥራም እንዳይነካቸው» ብለው መለሷት። ሌላው ሰው ሦስት ጣት ቢጠቀለልበት ሦስት ጣት ነው። እሷን ግን ዓይኗን ነበር የጠቀለሉባት። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሀል፤ የምታነብባቸው፣ የምትጎነጉንባቸው፣ በር የምታገኝባቸው። ለቅዳሜ የቀጠረቻቸው ስድስት ወንበሮች ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ቃሏን አጥፍታ የማታውቅ ሴት ነበረች።

ያኔ ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ በጣም ይቅርታ። ለተፈጠረው ችግር ሱቃችን የስድስት ወር ካርቶን በነጻ…»

ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ። ምላጩን ፀጉር ቤቱ ትቶት መምጣቱ መልካም ሆነ። «ሌላ ካርቶን? ሌላ ካርቶን ነው ያልከው? እኔ ነኝ በዚህ እጄ የጻፍኩልህ! ‹በምንም ዓይነት እንዳታስገቡብኝ› ብዬ በየወሩ ጽፌልሃለሁ!»

«አንተ ልጅ፣» አለች ጎንጓኟ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ያልኩትን አንብበኸዋል?»

ባለሱቁ ወደ እህቱ አየ። እህቱ ጉንጯን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«አላነበብኩትም።»

«እሷ ነበረች የምታነበው?»

«አዎ።»

«እና ዛሬ ያላነበበችልኝ ለምንድነው?»

«በሌለችበት ቀን ስላሸግን ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ይህን ሲል ድምፁ ልክ ብርጭቆ ሰብሮ እንደተያዘበት ጊዜ ነበር። አሻጊዋ ድምፁን ታውቀዋለች። በዚያ ጊዜ ታዝንለት ነበር፤ ዛሬ ሆዷን ብትፈትሽ የማዘን ሽታ እንኳ አጣች።

«ጣቶችህ ደህና ናቸው?» አለች ጎንጓኟ።

«ደህና ናቸው።»

«አሥሩም?»

«አሥሩም።»

«እንግዲያው የእኔን ስላቃጠልክ የራስህን አምጣ። እኔ በአፌ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጎነጉናለህ። ስድስት ወንበር ነው። ቁጭ በል።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አልችልበትም። ባይሆን ባለሙያ እቀጥርልዎታለሁ…»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ። የጎደለኝ ጣት ነው።»

«ነገ ስብሰባ አለኝ!»

አሻጊዋ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ጉንጯ ያን ጊዜ የበሩን ግማሽ ይሞላ ነበር ቢባል የሚያምን ብቻ ይመን። ባለሱቁ ተቀመጠ።

ሳፋውን አቀረቡለት። «ከላይኛው ጥግ ጀምር። በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች። ሳብ አድርገው፤ ግን እንዳይሰበር። ስንጣቂው ሲጮህ ከሰማኸው በዛ ማለት ነው።» እሱ ግን የሚሰማው የራሱን ስልክ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ አሥር ጊዜ ጮኸ። አሻጊዋ እጇን ሰዳ አወጣችው። ሠራተኞቹ ናቸው፦ ዱቄቱን ካልመረጡት ሃምሳ ዘጠኙን አግኝተዋል፤ ማንም አልተጎዳም፤ ግን ሁሉም ይሳደባል፣ አንዱማ ስድቡን ልዩ ማስታወሻ አድርጋችሁ ጻፉልኝ ብሏል።

«ጻፉለት» አለች አሻጊዋ። «አንድም ቃል እንዳታስቀሩ። ካርቶኖቹ በሙሉ ይመለሱ። ማስታወሻዎቹን ነገ አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ።» ወንድሟን ፈቃድ አልጠየቀችም።

እስከ አመሻሹ ባለሱቁ አንድ መዳፍ የምታህል ጎነጎነ። ጣቱ ደማ፣ ጀርባው ጎበጠ፣ ሸሚዙ ራሰ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ይኸው፣ አንዱ ጥግ አለቀ» አለ።

ጎንጓኟ ጣቷን መጠቀም ስለማትችል ጎንበስ ብላ ሥራውን በጉንጯ ዳሰሰችው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። መሀል ላይ ቆመች።

«እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ በላይ አልፈሃል።»

«አንዷን ነው እኮ፣ እማማ። የሚቀመጥበት ሰው በምን ያያታል?»

«ፍታው።»

ባለሱቁ እህቱን አየ። እህቱ ጣሪያውን አየች።

ፈታው።