በሰባተኛው ምሰሶ ሥር

እንግዲህ ልጆቼ፣ አሮጌው የገበያ አዳራሽ ሊታደስ ሲል ሽንኩርት ሻጯን ያስወጧት በመልካም ቃል ነበር። ስድስት ወር ይታገሱን፣ ቦታዎ የትም አይሄድም አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ቦታው የትም አልሄደም።

አዳራሹ በሁለት ዓመቱ ተከፈተ። የብረት ምሰሶዎቹ ተወልውለዋል፣ ወለሉ እብነ በረድ ለብሷል። እሷ አርባ ዓመት በተቀመጠችበት በሰባተኛው ምሰሶ ሥር አበባ ይሸጣል፤ ያውም የፕላስቲክ። ከበላዩ በር የሚያህል የእሷ ፎቶ ተሰቅሎ «የገበያው ነፍስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ነፍሲቱ ራሷ ከውጭ ግንቡን ተጠግታ ፀሐይ ሲመታት ትውላለች።

ቦታዬን ብላ ስትገባ፣ መሐንዲሱ ታሪኳን እንዳከበሩ፣ ሽንኩርቱ ግን ለአዳራሹ ውበት እንደማይመጥን አስረዳት። ከራሱ እስከ ጫማው አየችው። ጫማው ይሻላል።

ዝቅ ስትል ግን ወለሉ ላይ አንድ ነገር አጣች።

«ክዳኑንስ የት አደረሳችሁት?»

«የምን ክዳን፣ እማማ? ፕላኑ ላይ ክዳን የለም።»

እነዚያ ምሰሶዎች ውስጣቸው ክፍት ነው። የጣራው ዝናብ በሆዳቸው ወርዶ በወለሉ ሥር ይሄድና ሰባተኛው ጋ ይገናኛል። እዚያ በርጩማዋ ሥር ትንሽ የብረት ክዳን ነበረች። ክረምት ሲገባ ክዳኗን ከፍታ፣ እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ ቅጠሉን የምታወጣው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው። የተማሩት ሰዎች በላዩ እብነ በረድ አነጠፉበት።

ክረምቱ ገባ። በሦስተኛው ዝናብ ውኃው መውረጃ አጥቶ በእብነ በረዱ ስንጥቅ ሽቅብ ይፈላ ጀመር። የፕላስቲኩ አበባ ተንሳፎ ገበያተኛውን እስከ በር ሸኘ።

መሐንዲሱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ያን ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ላስቲክ ተከናንባ ወደተቀመጠችበት መጣ።

«እማማ፣ ያ ክዳን የቱ ጋ ነበር?»

«ምሰሶው ላይ ሰቅለኸኝ የለም እንዴ? እሷን ጠይቃት። ከእኔ ትልቅ ናት።»

ዝናቡ እየወረደበት ቆመ። እሷ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው መለየቷን አልተወችም። አንድ መደብ ጨርሳ ነው ቀና ያለችው።

«ቦታዬ ላይ ስቀመጥ እጄ ራሱ ያገኘዋል። በርጩማዬን ያዝልኝ።»

ጫማውን መሬት ጥሎ በርጩማዋን አነሳ።

«ሽንኩርቱንም» አለችው።